ልጆች የሚተኙበት መኪና

ሚያዝያ ነው። የበልጉ ዝናብ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ለቡን ጭቃ በጭቃ አድርጓታል። ጋሽ ተካ የተማሪ ሰርቪሳቸውን፣ ያቺን ያረጀች ነጭ ቶዮታ ሚኒባስ፣ ቀስ እያሉ ከሠፈር ውስጥ ወደ አስፋልቱ ሲያወጡ፣ ከታክሲ ሰልፉ ጫፍ ላይ ጃንጥላዋ የተገለበጠባት አንዲት ወጣት አዩ። ጎረቤት ናት። ቃለሕይወት እንደምትባል፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ሕንፃ ላይ ተከራይታ እንደምትኖርና የሆነ የሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ እንደምታስተምር ሰምተዋል፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን ተነጋግረው አያውቁም። የሰልፉን ርዝመት አዩ፣ የልጅቱን የራሰ ጫማ አዩ፣ አንጀታቸው አልችል አለና ቆሙ።

«ግቢ ልጄ። ጋቢናው ባዶ ነው፤ እኔ እስከ ብስራተ ገብርኤል ነኝ።»

«ጌታ ይባርክዎት ጋሽ ተካ። እኔም ወደዚያው ነኝ» አለችና ገባች።

ጋሽ ተካ ዕድሜያቸውን የፈጁት መሪ ላይ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ጡረታ ወጥተው፣ ከዚያ ወዲህ በዚህች መኪና የሠፈሩን ልጆች ያመላልሳሉ። አይሳደቡም፣ አይቸኩሉም፣ ከማንም ጋር ተጋጭተው አያውቁም። ወላጆች አጥብቀው የሚያወድሷቸው ግን በሌላ ነገር ነው። ሌሎቹ ሰርቪሶች ሲያልፉ ጫጫታቸው ከሩቅ ይሰማል። የጋሽ ተካ መኪና ጸጥ ያለች ናት፤ ልጆቹ ይተኛሉ።

«እያቸው እስቲ» አሉ ጋሽ ተካ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያመለከቱ። «ከቤታቸው ሲወጡ ይነጫነጫሉ። እኔ ጋ ሲገቡ ግን እንቅልፍ ነው። አነዳድ ነው ልጄ። በፍሬን የሚያንገጫግጭ ሰው ልጅ አያስተኛም።»

ቃለሕይወት ዞር ብላ አየች። ልጆቹ እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። ከጋቢናው ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ አፏን ከፍታ፣ አንገቷን ወደ ጎን ጥላ ተኝታለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«ይቺ የልጄ የቤተልሄም ልጅ ናት፤ ቲና» አሉ ጋሽ ተካ። «ዘንድሮ ነው ትምህርት የጀመረችው። መጀመሪያ የምትገባውም እሷ፣ ማታ መጨረሻ የምትወርደውም እሷ።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ትተኛለች?»

«ሁልጊዜ። ገና ከሠፈር ሳንወጣ።»

መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል። ከመስታወቱ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ሽቶ ጉሮሮ ይከረክራል። ክፍት የነበረው የጋሽ ተካ መስኮት ብቻ ነበር፤ እሱም ክንዳቸውን ደገፍ የሚያደርጉበት ያህል። ቃለሕይወት የራሷን መስኮት ዝቅ ልታደርግ እጇን ስትሰድ ጋሽ ተካ በትሕትና ከለከሏት።

«ይቅርታ ልጄ፣ እሱን ተይው። ከኋላ ያሉትን ብርድ ይመታቸዋል። እናቶቻቸው አደራ ያሉኝ መስኮት እንዳልከፍት ነው። የእኔ ለእጅ ምልክት ያህል ነው የተከፈተው፤ ንፋሱ የሚያርፈው እኔ ላይ ብቻ ነው።»

ይሄን ነገር እናውቀዋለን። በዚህ ከተማ ሰው አውቶቡስ ውስጥ በላብ ይቀቀላል እንጂ መስኮት አይከፍትም። ደፍሮ የከፈተ ከተገኘ ከፊትም ከኋላም ይቆጡታል። ንፋስ ጎን ይወጋል፣ ንፋስ አፍ ያጣምማል፤ ይሄን ሳይሰማ ያደገ የለም። የተዘጋ መስኮት ማንን መታ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

ጎፋ ሲደርሱ ቴዎ የሚባል የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ገባ። አባቱ አቶ ከበበው እዚያው ጎፋ የሕንፃ ዕቃ መደብር አላቸው። ቴዎ አፉ የማያርፍ ልጅ ነው፤ እግሩን እንዳስገባ ውሻቸው ስለወለደቻቸው ቡችሎች ያወራ ጀመር። ቃለሕይወት ዞራ ትጠይቀዋለች፣ እሱም እየተቻኮለ ይመልሳል። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ የልጁ ቃላት ተጎተቱ። ስለ ሦስተኛዋ ቡችላ የጀመረውን ሳይጨርስ ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ዝም አለ።

ቃለሕይወት ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ የሞተር ምልክት ብልጭ ብላ በራች።

«ጋሽ ተካ፣ የሞተር መብራቱ በራ።»

«እሷን ተያት። ነገ ጠዋት ትጠፋለች።»

«እንዴት ብላ ትጠፋለች?»

«የባትሪውን ገመድ እነቅላለሁ» አሉ ጋሽ ተካ፣ እንደ ቀላል ነገር። «በየማለዳው ነቅዬ ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ እስክጨርስ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ መልሼ አስረዋለሁ። ሳስነሳት መብራት የለም። ፍሮምሳ የሚባል የሠፈራችን መካኒክ ነው ያሳየኝ። የዓመቱን ምርመራም በዚሁ ነው ያለፍኩት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትበራው?»

«አምና ክረምት ላይ ጀመራት።»

ቃለሕይወት ንግግሯን መረጠች። የምታስተምረው የመኪና ጥገና ነው፤ ሽማግሌን ማስቀየም ደግሞ አትወድም።

«ጋሽ ተካ፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። መብራቷ ስትበራ የመኪናዋ ኮምፒውተር ምክንያቱን በቁጥር ይይዘዋል። ቁጥሩ የሚቆየው ከባትሪው በሚያገኘው ኃይል ነው። እርስዎ ባትሪውን ሲነቅሉ ብልሽቱ አልተነካም፤ የጠፋው ቁጥሩ ነው። መኪናዋ ልትነግርዎት የፈለገችውን በየማለዳው እያስረሷት ነው።»

«ልጄ፣ የተማረ ሰው አልንቅም» አሉ ጋሽ ተካ። «ግን እኔንም ስሚኝ። እኔ ዘመኔን ሙሉ የነዳሁት እነዚህ መብራቶች ሳይኖሩ ነው። ሞተር ሲታመም በጆሮ ይሰማል፣ በእግር ይታወቃል። ዛሬ ጋራዥ ስትገቢ አንዱ መሣሪያ ይሰካና ሴንሰር ነው ይልሻል። ትገዢያለሽ። መብራቱ ተመልሶ ይበራል። የለም፣ ሌላው ሴንሰር ነው ይልሻል። ጓደኛዬ ኢሉ በዚህ ተማርሮ መኪናውን ሸጦ አረፈ። መብራቱ የተሠራው ዕቃ ለማሸጥ ነው።»

«እንዲህ የሚያደርጉ መኖራቸው እውነት ነው፤ አልክድም። ቁጥሩ ግን የት እንደምንፈልግ ነው የሚነግረን እንጂ ምን እንደምንገዛ አይነግረንም። ብልሽቱን ሳይፈልግ ዕቃ የሚያስገዛዎት ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ የመብራቱ አይደለም።»

«ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ምን ጎደላት? ቤንዚን ትንሽ በዛባት እንጂ።»

«ቤንዚን ከበዛባት የሚያሳስበኝ እሱ ነው። እኔ ከለቡ ስነሳ ደህና ነበርኩ፤ አሁን ግንባሬን እየወጋኝ ነው።»

«ቁርስ ሳትበዪ ወጥተሽ ነዋ» አሉ ጋሽ ተካ በአባትነት። ከብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲደርሱ ለገብርኤል አማትበው፣ በመስታወቱ የተኙትን ልጆች አይተው ጠብቅልኝ አሉ። ከልባቸው ነበር ያሉት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ኮርሳ በሩን ስቦ ከፈተና ልጆቹን እያነቃነቀ ማውረድ ጀመረ። «ጋሽ ተካ፣ የእርስዎን ልጆች እኮ ተሸክሜ ነው የማስገባው» አለ እየሳቀ። ቴዎ ሲወርድ ተንገዳገደ። ቲና በሩን ሳታልፍ ጎንበስ ብላ አስመለሳት። ጋሽ ተካ በመሐረባቸው አፏን ጠረጉላት።

«ሆዷ ነው» አሉ። «ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተዋታል። ጨርሳ ደግማዋለች፤ አልለቃት አለ።»

«ቅዳሜና እሁድስ ያማታል?»

«ቅዳሜና እሁድማ ስትዘል ነው የምትውለው። እኔ እንጃ፣ ትምህርቱን ጠልታ ይሆናል።»

ቃለሕይወት የመኪናዋን የተዘጉ መስኮቶች አየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ጋሽ ተካ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ነገ ባትሪውን አይንቀሉት። መስኮቶቹንም ይክፈቷቸው። ከሥራ ስወጣ መጥቼ በነጻ አይልዎታለሁ። የሞተሩ ጭስ ወደ ውስጥ የሚገባ ይመስለኛል።»

የጋሽ ተካ ፊት ጠቆረ። «ልጆቹን አንተ ነህ የመረዝካቸው ነው የምትዪኝ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

«ብለሻል። እኔ ለእነዚህ ልጆች አያት ነኝ። ደህና ዋይ ልጄ» አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ሰው ሲቆጣ ሁልጊዜ ስለተሰደበ አይደለም። አንዳንዴ የሰማው ነገር እውነት ከሆነ የሚያስከትለውን ሊያየው ስለማይፈልግ ነው። ጋሽ ተካ ቀኑን ሙሉ ያቺን ልጅ በሆዳቸው ሲሟገቷት ዋሉ። የተማረች ናት፣ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች አሉ። ስለ ቅዳሜና እሁድ ለጠየቀችው ግን መልስ አላገኙለትም።

በማግስቱ ማለዳ ባትሪውን እንደ ልማዳቸው ነቀሉ።

ዝናቡ ያን ቀን አፍ አያስከፍትም ነበር። ውሃው በጎን እየገባ ክንዳቸውን ሲያርሰው ጋሽ ተካ ወትሮ የማያደርጉትን አደረጉ፤ የራሳቸውን መስኮት ዘጉት። ጎፋ ላይ ቴዎን እንደጫኑ መንገዱ ጭራሽ ተቆለፈ። አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ አስፋልቱን አቋርጦ ቆሟል። ሞተሩ እየሠራ፣ መጥረጊያው ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ጋሽ ተካ ተቀምጠው ጠበቁ። ራሳቸውን ይዞ ይወቅጣቸው ጀመር። ደም ግፊቴ ነው አሉ። ቢጫዋ መብራት በራች።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አዩ። ሁሉም ተኝተዋል። ስንት ወር ሲኮሩበት የኖሩት ጸጥታ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈራቸው።

«ቲና» ብለው ጠሩ። «ቲንዬ።» መልስ የለም። «ቴዎ፣ ተነስ እስቲ የኔ ልጅ።» ቴዎም ዝም አለ። ጋሽ ተካ ሊዞሩ ሲሉ አንገታቸው እሺ አላላቸውም። በሩን እንዴት እንደከፈቱት አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት ጉልበታቸው አስፋልቱን ሲመታና የዝናቡ ውሃ ፊታቸው ላይ ሲወርድ ብቻ ነው። «ልጆቹን» አሉ። «ልጆቹን አውጡልኝ።»

የታክሲ ሾፌሮችና የሱቅ ሰዎች ተሯሯጡ። ልጆቹን አንድ በአንድ አውጥተው አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ አስተኟቸው። ብርዱ ሲነካቸው አንዱ ዓይኑን ገለጠ፣ አንዷ አለቀሰች፣ ሌላው አስመለሰው። እያንዳንዱ ልቅሶ ለጋሽ ተካ ነፍስ መግዣ ነበር፤ የነቁትን ልጆች የሚቆጥሩት በእሱ ነበር። ቴዎ ከሁሉም ዘግይቶ ነቃ። ቲና አልነቃችም።

ሆስፒታል ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ አድርገውላት ሐኪሙ ወደ ጋሽ ተካና ወደ ቤተልሄም ዞረ።

«ሌሊቱን ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?»

«ከሰል የለንም፤ በኤሌክትሪክ ነው የምንጠቀመው» አለች ቤተልሄም እያለቀሰች።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጭስ ደሟ ውስጥ ከየት አመጣችው?»

ቤተልሄም አባቷን አየቻቸው። ጋሽ ተካ አንገታቸውን ደፉ።

ቲና ማታ ነቃች። እግዚአብሔር ይመስገን። ለጥቂት ቀናት ግን ማንኪያ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የጀመረችውንም ወሬ መሐል ላይ ትረሳው ነበር። በሠፈሩ የተወራው ብዙ ነው። ዝናቡ ነው ያለ አለ፣ የሰው ዓይን ነው ያለ አለ፣ ምቀኛ ነው ያለም አለ። ለጋሽ ተካ እያንዳንዱ ወሬ መሸሸጊያ ሊሆናቸው ይችል ነበር። ለሁለት ቀን ያህልም ተሸሽገውበታል።

እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ግን ነጠላቸውን እንዳደረጉ በቀጥታ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሄደው ከሦስተኛው ሕንፃ ደጃፍ ቆሙ። ቃለሕይወት ከቸርች ስትመለስ እዚያው አገኘቻቸው።

«ባትሪውን አልነካሁትም» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። «መኪናዋ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደቆመች ናት። ያልሽውን ቁጥር ልየው።»

ቃለሕይወት ወደ ቤቷ ወጣች። ልብሷን ቀይራ፣ የእጅ ባትሪዋንና አንዲት ቁራጭ ሽቦ ይዛ ወረደች።

መኪናዋ ከጋሽ ተካ አጥር ጥግ ቆማለች። ቃለሕይወት የፊተኛውን ወንበር አንስታ ከሥሩ ካለችው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ክዳኑን ከፈተች። በሽቦዋ ሁለት ቀዳዳዎችን አገናኘች። ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞረች።

«ይህቺ የቆየች ስለሆነች መሣሪያ አያስፈልጋትም። በራሷ መብራት ትናገራለች። ይመልከቱ።»

ቢጫዋ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ አለችና አረፈች። ከዚያ አምስት ጊዜ ብልጭ አለች። ለአፍታ ጠፍታ እንደገና ያንኑ ደገመች። ሁለት፣ አምስት። ሁለት፣ አምስት። ጋሽ ተካ ወራት ሙሉ የጠሏትን መብራት እንደ ሰው ፊት ትኩር ብለው አዩዋት።

«ምን አለች?»

«ሃያ አምስት። ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማፈኛው በፊት፣ ከሞተሩ በሚወጣው ቧንቧ ላይ ጭሱን የሚያሸት ሴንሰር አለ። እሱ አየር በዛ፣ ቤንዚን አነሰ እያለ ነው።»

«ይኸውልሽ፣ ሴንሰር ግዛ ልትዪኝ ነው።»

«አልልዎትም። አየሩ ከየት መጣ ብዬ ነው የምጠይቀው» አለችና ከወንበሩ ሥር ያለውን የሞተሩን ክዳን አነሳች። የክዳኑ ዙሪያ ጎማ ተበጣጥሶ አልቋል። ሞተሩን አስነስታ በእጅ ባትሪዋ ወደ ታች አበራች። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጥላሸት ለብሷል። የሶፍት ቁራጭ አስጠጋችው፤ ሶፍቱ ተርገበገበ። ወዲያው ሞተሩን አጠፋች።

«እዚህ ጋ ማሸጊያው ተበልቷል። ጭሱ በዚህ ይወጣል፣ የውጭ አየርም በዚሁ ይሳባል። ሴንሰሩ አየሩን ያይና ቤንዚን አነሰ ይላል። ኮምፒውተሩ ያምነውና ቤንዚን ይጨምራል። ለዚህ ነው ቤንዚን የበዛባት። ቤንዚን ሲበዛ በደንብ አይቃጠልም፤ በደንብ ያልተቃጠለው ነው ልጆቹን የሚያስተኛውን መርዝ የሚያበዛው። መርዙ ደግሞ በዚህ በተበጣጠሰው ጎማ በኩል ቀጥታ ወደ ቲና ወንበር ይወጣል።»

«ጭስ ቢሆን እኮ ይሸተኝ ነበር።»

«የሚሸተውን ሽቶው ሸፍኖታል። የሚገድለው ግን ጭራሽ ሽታ የለውም። ጋሽ ተካ፣ ከሰል የሚነድበት ማንደጃ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ በርና መስኮት ዘግተው ቲናን ያስተኟታል?»

«ምን በወጣኝ። ሰው ሁሉ የሚሞትበት አይደል?»

ቃለሕይወት እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። «ማንደጃው ይሄ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጋሽ ተካ ጎንበስ ብለው ጥላሸቱን አዩ። ከዚያ ሲሸሹት የነበረውን፣ ሌሊት ሌሊት ያንገላታቸውን ጥያቄ አወጡት። «እሺ፣ እኔስ? እኔም እዚያው ውስጥ ነበርኩ። ለምንድን ነው እኔ ያልተኛሁት? ይሄን መልሺልኝና ሁሉንም አምንሻለሁ።»

ልጅቱ ልትመልስ አልፈለገችም፤ ያስታውቅባታል። «የእርስዎ መስኮት ክፍት ነበራ» አለች በመጨረሻ። «ያን ዕለት ግን ዝናቡን ፈርተው ዘግተውት ይሆናል።»

ጋሽ ተካ ክው አሉ። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸው ጭቃ ነካው፣ ልብ አላሉትም። ለእጅ ምልክት ብለው በከፈቷት በዚያች ክፍተት እርሳቸው ብቻ አየር ሲስቡ ከርመዋል። ልጆቹን ከንፋስ ሲጠብቁ።

«በመስታወት እያየኋቸው እኮራ ነበር» አሉ። «አነዳዴ መስሎኝ። ለሰው ሁሉ አወራሁት።»

ቃለሕይወት አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። ምንም አይደለም አላለቻቸውም፤ ቀላል ነገር አልነበረምና። ሰውን ለማጽናናት ብሎ መዋሸት በእኛ ዘንድ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ ይቺ ልጅ ያን አላደረገችም፣ እኔም አመሰግናታለሁ።

«ምን ላድርግ ልጄ?»

«መጀመሪያ ይሠራል። ማሸጊያውና ጎማው ይቀየራሉ፣ ሴንሰሩ ደህና ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለወላጆቹ ይነገራል።»

«እንዳመማቸው ያውቁ የለም እንዴ?»

«የሚያውቁት ያቺን አንዲት ቀን ነው። ስንት ወር እንደቆየ አያውቁም። ክሊኒኩ ታይፎይድ እያለ መድኃኒት ያስውጣቸዋል። አስተማሪው ሰነፍ ይላቸዋል። እርስዎ ካልነገሩ ልጆቹ ያለ ጥፋታቸው ጥፋተኛ ሆነው ይቀራሉ።»

ጋሽ ተካ ከድንጋዩ ላይ ተነሱ። «እነግራለሁ» አሉ።

በየበሩ ዞሩ። አንዳንዷ እናት አለቀሰች፣ አንዳንዷ በሩን ጠረቀመችባቸው፣ አንዱ አባት ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ አለ፤ ጋሽ ተካ መብትህ ነው አሉት። ከሁሉም የከበዳቸው ግን የአቶ ከበበው መደብር ነው።

አቶ ከበበው ከቆርቆሮና ከሚስማር ካርቶኖች መሐል ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሟቸው። ቴዎ ከመደብሩ ጥግ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራል።

«ከመቼ ጀምሮ አሉኝ?» አሉ አቶ ከበበው።

«ከአምና ክረምት።»

«አምና ሦስተኛ ይወጣ ነበር» አሉ አቶ ከበበው። «ዘንድሮ ከክፍሉ መጨረሻ ሆነ። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ይተኛል ብላ ጠራችኝ።» ወገባቸውን ነኩ። «በቀበቶ ነው የመታሁት ጋሽ ተካ። ተኛህ ብዬ። አንድ ጊዜ አይደለም።»

ቴዎ አንገቱን አላነሳም፤ እርሳሱ ግን ቆሟል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ጋሽ ተካ። «ልጁ የበደለው ነገር የለም። ይሄን እሱ ፊት ልናገር ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ከእንግዲህ ከእርስዎ ጋር አይሄድም።»

«አውቃለሁ።»

አቶ ከበበው ወደ ልጃቸው ሄደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። እጃቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ልጁ ፈጥኖ ትከሻውን ሰበሰበ፤ ለዱላ የለመደ ልጅ የሚያደርገውን። የአባትየው እጅ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ተካ ይሄንንም አዩና ወጡ።

መኪናዋ ተሠራች። ሴንሰር አልተገዛም፤ አላስፈለገም። ቢጫዋ መብራት ባትሪ የነቀለ ሳይኖር በራሷ ጠፋች። ቤንዚኑም ወደ ቀድሞ ልኩ ተመለሰ፤ ሲሰላ፣ ጋሽ ተካ በትርፍ ቤንዚን ያጡት ገንዘብ ለጥገናው በተረፈ ነበር። ቲና መድኃኒቱን ተወች፣ ሆዷም አላመማትም። ጋሽ ተካ ፍሮምሳን ጋራዡ ድረስ ሄደው፣ ባትሪ ከመንቀልህ በፊት ቁጥሩን አንብብ ብለው ለመኑት፤ ቃለሕይወትም በሽቦ ማንበቡን አሳየችው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆሙትን ሾፌሮች ደግሞ አንድ በአንድ ይዘው የሚሉት ይሄንኑ ነው። መብራት ሲበራ አታጥፉት፣ አስነብቡት። ሴንሰር ግዛ የሚል ሲመጣ ለምን በሉት። መስኮት ክፈቱ፤ ብርድ የመታውን ልጅ ሹራብ ያሞቀዋል። ልጅ መኪናችሁ ውስጥ ከተኛ አትኩሩ፣ ቀስቅሱት። አንዳንዱ ሾፌር ይሰማቸዋል፣ አንዳንዱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ጋሽ ተካ ግን አይሰለቹም።

እንደገና ልጅ የሰጧቸው ጥቂት ወላጆች ናቸው። ቤተልሄም ራሷ እንኳ ለወር ያህል ቲናን በሌላ መንገድ በሚሄድ ታክሲ አመላለሰቻት፤ ከአባቷ ጋርም ብዙ አትነጋገርም ነበር። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ምንም ሳትል የልጅቱን ቦርሳ አምጥታ የመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። መስኮቶቹ ሁሉ መከፈታቸውን አንድ በአንድ በእጇ ሞከረች።

ያን ቀን መኪናዋ ውስጥ ጫጫታ ነበር። አንዱ ይዘፍናል፣ ሁለቱ በመስኮት ወንበር ይጣላሉ፣ አንዷ ሹራቤን ሳበብኝ ብላ ትከሳለች። ጎፋ ላይ በአቶ ከበበው መደብር ሲያልፉ ጋሽ ተካ እንደ ልማዳቸው ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ የቴዎ ወንበር ግን ባዶ ነው፣ ማንም አልወጣም። አለፉ።

ብስራተ ገብርኤል ሲደርሱ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው አማተቡ። ከኋላቸው ቲና በተከፈተው መስኮት አንገቷን አስግጋ ቤተ ክርስቲያኑን ከታች እስከ ጉልላቱ አየችው። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በየቀኑ ተኝታ በዚህ በር አልፋለች።

«አባባ» አለች፣ «ይሄ ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው የተሠራው?»

ጋሽ ተካ መኪናዋን ወደ ዳር አውጥተው አቆሙ፤ ልጆቹ ምን ሆነ፣ ለምን ቆምን እያሉ ይንጫጫሉ።

«ድሮም ነበረ የኔ እናት» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ ሳያዞሩ። «ድሮም እዚሁ ነበረ።»